ከችፑዱ ማዶ ያወራችው

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። አረፍ ብላችሁ ስሙኝ።

ተረት አይደለም። በእነዚህ ዓይኖቼ ያየሁት ነው። ጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ አታሎኝ ነው ብዬ በተውኩት። ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር... ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉን ታሞቀዋለች።

የምሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ረቡዕ ረቡዕ አዲስ የወለዱ እናቶች ተሰብስበው ከአማካሪዋ ጋር ይጫወታሉ። የከበዳቸውን፣ ያስለቀሳቸውን፣ ለባልም ለእናትም የማይነገረውን ያወራሉ።

አማካሪዋ «ልጅ ታቅፎ እውነት አይወራም» ትላለች። ስለዚህ ሕፃናቱ ጎን ባለው ክፍል ከእኔ ጋር ይቆያሉ። መሐላችን ያለው ስስ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። ሳል እንኳ አይከለክልም።

ስድስት እናቶች፣ ሰባት ሕፃናት፣ ሰባት ትንንሽ ፍራሽ።

ሰባት የሆኑት በመንታዎቹ ነው። እናታቸው ቀልደኛ ናት።

«እማማ፣ እስቲ አንዱን ይደብቁልኝ። አባታቸው እንደሆነ ሁለት መሆናቸውን ገና አላመነም!» ትለኛለች።

አንዷ ግን... ዝምተኛዋ ነው የምንላት። የሁለት ወር ሴት ልጅ አለቻት። አራት ረቡዕ መጣች። አራቱንም አንዲት ቃል ሳይወጣት ተመለሰች።

በአምስተኛው ልጇን ስታቀብለኝ እጄን ያዝ አደረገችኝ። እጇ በረዶ ነው።

«እማማ... አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ የኔ ልጅ።»

«ጓሮ ልብስ ሳጥብ... ከቤት ውስጥ ልጄን የሚያባብል ሰው እሰማለሁ።»

«ባልሽ ነዋ!»

«እሱማ ሥራ ነው። ድምፁ... የኔ ነው እማማ። የራሴው ድምፅ። ከኔ ይልቅ እሷ ታውቅበታለች። እኔ ሳባብላት የምታለቅሰው ልጅ... ለእሷ ዝም ትላለች።»

ሳቅኩ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ... ሳቅኩ።

«እንቅልፍ ማጣት ነው እናቴ። እኔም ወልጄ አይቼዋለሁ። ያልፋል።»

«ለአማካሪዋ ብነግራት... አብዳለች ብለው ልጄን ይወስዱብኛል?»

ትንሽ አሰብኩና፣ «እንግዲያው አትንገሪያት» አልኳት።

ለእሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ከማዶ ድምፅዋን ብጠብቅ ብጠብቅ... ምንም። ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

በሳምንቱ ልጇን አቀበለችኝ። ዓይኔን ሳታይ ወደ ስብሰባው ገባች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሕፃናቱ ክፍሉን ቀውጢ አድርገውታል። አንዱን ዝም ሳሰኝ ሌላው ይቀጥላል።

ድንገት... ጸጥ።

ሰባቱም።

ሰባቱም ፊታቸውን ወደ ችፑዱ አዞሩ። የአሥራ ሁለት ቀኑ ልጅ ሳይቀር... አንገቱ ገና ያልጸናው!

ከማዶ የዝምተኛዋ ድምፅ ይሰማል።

«ደህና ነኝ። እንቅልፍም እተኛለሁ። ልጄን ሳያት ደስ ይለኛል...»

ረጋ ያለ ድምፅ ነው። ማር ማር የሚል። «እሰይ፣ ወጣላት!» አልኩ በሆዴ። እናቶቹ አጨበጨቡላት።

ቀና ስል...

ዝምተኛዋ በሩ ላይ ቆማለች።

በባዶ እግሯ። መዳፏን አፏ ላይ ጭና።

ከማዶ ደግሞ ድምፅዋ አላቆመም። ያወራል...

«ሰሟት?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ራሴን ነቀነቅኩላት።

«እማማ... ልጄን እንዳይሰጧት።»

ልጅቷን ላነሳት ጎንበስ አልኩ። ታቅፌ ቀና ስል... በሩ ላይ ማንም የለም።

ወዲያው እናቶቹ እየተሳሳቁ ገቡ። አማካሪዋ የዝምተኛዋን ትከሻ አቅፋለች። ዝምተኛዋ ጫማዋን ተጫምታለች። ፊቷ ወዝ በወዝ ሆኗል።

«እማማ፣ ዛሬ እኮ አፏ ተፈታ!» አለችኝ አማካሪዋ።

«መሐል ላይ... ተነስታ ወጥታ ነበር?»

«ኧረ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ምነው?»

ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ። ዝምተኛዋ ፈገግ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።

ምን ልበል? «አሮጊቷ ጃጀች» ይሉኛል። ከሥራ ያስወጡኛል። በአፌ «አትንገሪያት» ያልኳት እኔ... አሁን የመደበቅ ተራው የኔ ሆነ።

ሰጠኋት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ዓይኗን ከባዶው በር እንዳልነቀለች፣ ሴትዮዋ ይዛት ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ደስ አለው። ባሏ ራሱ መጥቶ፣ «ሚስቴን መለሳችሁልኝ» ብሎ አመሰገነን። አማካሪዋ «ድናለች» ብላ ፋይሏን ዘጋች።

ያቺን የቀድሞዋን ማንም አልጠየቀም። ፊቷ የጠቆረውን፣ እጇ የሚበርደውን። ማን ይጠይቃል? የምትስቀው ተገኝታለቻ!

እኔ አሁንም እዚያው ነኝ።

ትናንት ረቡዕ ነበር። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ ወለሉን ልወለውል ስል በሩ ሥር ጠብታ አየሁ። ውሃ መስሎኝ በጣቴ ነካሁት።

ወተት ነው።

የጡት ወተት... ገና ያልበረደ።

ጠብታው ከበሩ ተነስቶ፣ አንድ በአንድ፣ ያቺ ልጅ ትተኛበት የነበረው ፍራሽ ድረስ ይሄዳል። እዚያ ላይ ያበቃል። የተመለሰበት የለም።

ልጆቼ... እኔ ሳላምናት ቀረሁ። እናንተ እንኳ አስታውሱልኝ።

የመጀመሪያዋን።