ዱባለ ሄልሜት አያደርግም

ዱባለ በሕይወቱ አንድም ቀን ያላደረገውን ሄልሜት ሞቶ አድርጎት ተገኘ።

ከቀራንዮ ሰፈር በላይ ባለው ዳገት፣ በገዛ ይዞታው ውስጥ፣ በደረቱ ተደፍቶ ተኝቷል። አንገቱና የሄልሜቱ ጠርዝ ላይ ወፍራም የባህር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል። ሄልሜቱ አገጩ ሥር በሥርዓት ተቆልፏል፤ እጆቹ አዲስ ጓንት ውስጥ ናቸው፤ ከበላዩና ከበታቹ የሚያልፈው የእግር መንገድ በቀይ ፕላስቲክ ታጥሯል። ለሥልጠና ፎቶ የተነሣ ነው የሚመስለው። ሰውየውን ለሚያውቅ ግን፣ ሞት ባይኖርበት ኖሮ፣ ሳቅ የሚያመጣ ነገር ነበር።

ኢንስፔክተር አልማዜ አታውቀውም። ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «አትለቅም» ይሏታል፤ ሙገሳ ይሁን ሐሜት እነሱም አልለዩትም። ገና ጎንበስ እንዳለች አንድ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ፊቱ የገረጣ ሰው ቀረባት። የዳገቱ የደን ባለይዞታዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ መዝገቡ ነበር።

«እንደሚያዩት አደጋ ነው» አለ። «ጋሼ ዱባለ ግንድ ሲያገላብጥ ተንከባለለበት። ደንቡን ሁሉ አሟልቶ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ዕድል ነው። ነገ ደግሞ የሰርተፊኬት ኦዲተር ይመጣብናል። ቦታው ቶሎ ቢነሣልን...»

«ሰው ሞቶ ስለ ኦዲተር ነው የሚያወሩኝ?»

«አይፍረዱብኝ ኢንስፔክተር። የስንት ቤተሰብ እንጀራ እኮ ነው።»

በዚህስ አልዋሸም። የዳገቱ ባለይዞታዎች እያንዳንዳቸው ያላቸው መሬት ትንሽ ነው፤ ለብቻው ምስክር ወረቀት ማውጣት የሚችል አንድም የለም። ስለዚህ ተሰባስበው በጋራ አንድ የደን ሰርተፊኬት አወጡ። ወረቀቱ የሚመሰክረው እንጨቱ ዳገቱን ሳያራቁት መቆረጡን፣ ወንዙ ዳር ያሉት አገር በቀል ዛፎች አለመነካታቸውን፣ የሚሠራው ሰውም ከአደጋ መጠበቁን ነው። አንዱ አጥፍቶ ማኅበሩ ካላረመው ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። ሰርተፊኬቱ ባይኖር ዳገቱ እስከ ዛሬ ለብሎኬት ማምረቻ ተቆፍሮ አልቆ ነበር። እንደ ድሮው ቀስ ብሎ መዝነብ የተወው የክረምት ውኃም አፈሩን ጠራርጎ ከታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ይገባ ነበር። አንድ ክረምት ገብቶም ያውቃል።

አልማዜ ግንዱን አስነሣች። ሄልሜቱን ስታወልቅ የዱባለ ራስ ከኋላ ተሰብሮ አገኘችው። ሄልሜቱ ግን ጭረት እንኳ የለበትም፤ ውስጡም የደረቀ ደም ነካ ያደረገው ብቻ ነው። ወደ ግንዱ ዞረች። የተቆረጠው ጫፍ ቀይ ነው። ደም መስሏት በሶፍት ጠረገችው፤ አልለቀቀም። በቁልፏ ስትፍቀው ውስጡም ቀይ ሆነ። በዙሪያዋ ያሉትን ጉቶዎች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉም ነጣ ያሉ ናቸው። ሶፍቱን ኪሷ ከተተች።

አስከሬኑን ያገኙት ጎረቤቱ ሌሊሴ ናቸው፤ ከማኅበሩ አባላት በዕድሜ ትልቋ።

«ላም ላወጣ ስል ነው ያየሁት» አሉ።

«እማማ ሌሊሴ፣ ከአቶ ዱባለ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በወሰን ነዋ! ዕድሜ ልካችንን ተጣልተናል። እኔ ስታመም ግን ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው፤ መንገዱን ሙሉ እየተሳደበ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

«ግንዱን ልብ ብለው አይተውታል?»

የሴትዮዋ እንባ ቀጥ አለ። «ግንድ ያው ግንድ ነው፣ ልጄ» አሉና ወደ ላማቸው ሄዱ።

የዱባለ ልጅ ራኬብ የማኅበሩ የውስጥ ተቆጣጣሪ ናት። አባላቱን በየማሳቸው እየዞረች የምትፈትሸው፣ ደንብ የምታስተምረው እሷ ናት። አልማዜ ቀራንዮ ካለው ቤታቸው ስትደርስ ለቀስተኛው ድንኳን እየተከለ ነበር። ጓሮ ውስጥ ዶሮዎች ከተገለበጠ ቢጫ ሄልሜት ውኃ ይጠጣሉ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የአባዬ። ማኅበሩ ሲያድል ተቀበለና ለዶሮዎቹ ሰጣቸው።» ራኬብ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ለቅሶ ቀደመው። «በስብሰባ ላይ ተጣላሁት። 'የተቆጣጣሪዋ አባት እንዲህ ከሆነ ሌላው ምን ይላል?' አልኩት። 'ራሴ የራሴ ነው' አለኝ።»

«ሬሳው ላይ ያለውስ?»

«ቢሮ አዳዲስ አሉ። በሩ ክፍት ነው የሚውለው፤ ማንም ይገባል።»

«ሰርተፊኬቱን ይጠላ ነበር?»

«ሄልሜቱን ነው የሚጠላው! ወንዙ ዳር ያሉትን ወይራዎች ማንም ሳያዘው በፊት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ሰሞኑን 'ኦዲተሩን የማስጎበኘው እኔ ነኝ' ይለኝ ነበር። እኔ ሊያዋርደን መስሎኝ 'አባዬ፣ በናትህ አርፈህ ቁጭ በል' አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።»

አልማዜ ልታጽናናት አልሞከረችም። ማጽናኛ የሌለው ነገር እንዳለ ታውቃለች።

ከዚያ ቀዩ ግንድ ከየት እንደመጣ ፍለጋ ወደ ጦር ኃይሎች ሰፈር ወረደች። ሽኩር የሚባለውን የአጠናና የግንድ ነጋዴ በታክሲ ወያላዎች ጩኸት መሀል ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። እንጨቱ በሁለት ተከምሯል፤ ነጩ ለብቻ፣ ቀዩ ለብቻ።

«ቀዩ ከየት ይመጣል?»

«ከሩቅ ነው እመቤቴ፣ ከቆላው በኩል። እዚህ ብርዱ ላይ አይበቅልም።»

«ከዳገቱ ማኅበር እንጨት ትገዛለህ?»

«እንዴታ!»

«ትሸጥላቸዋለህስ?»

የሽኩር ፈገግታ ጠፋ። «ነጋዴ ነኝ። የገዛኝ ሰው የት እንደሚያራግፈው አልጠይቅም።»

«ዱባለ ግን ጠይቆሃል» አለች በግምት።

«ጠይቆኛል? ኢሱዙዬ ፊት ተጋደመ እንጂ! 'በላዬ ላይ እለፍ' ብሎ! እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ግን አልገደልኩትም።»

ስትመለስ አለቃዋ ደወለላት። «አልማዜ፣ አደጋ ነው እየተባለ ምን ታስረዝሚዋለሽ? ነገ እንግዳ አለባቸው አሉ።»

«እንግዳው ይምጣ። እኔም እዚያው ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ትዕዛዝ ቢሆንስ?»

«በጽሑፍ ይስጡኝና እፈርምበታለሁ» አለችና ስልኩን ኪሷ ከተተች። የጽሑፍ ትዕዛዝ አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ አባላቱ በሙሉ ከማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው የቆርቆሮ ዳስ ተሰበሰቡ። ሽኩርም በፖሊስ ታጅቦ መጣ። ግንዱ መሀላቸው ተጋድሟል። ራኬብ ጥቁሯን ለብሳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች አልማዜ። «የሟቹ ራስ ተሰብሯል፤ ሄልሜቱ አልተሰበረም። ስለዚህ ሄልሜቱ የተደረገለት ከተመታ በኋላ ነው።»

መዝገቡ እጁን አወጣ። «ይቅርታ፤ ይሄማ አደጋ አለመሆኑን አያሳይም። ግንዱ ባዶ ራሱን መታው፤ ካገኙት ሰዎች አንዱ ሰርተፊኬቱ እንዳይሄድብን ፈርቶ ሄልሜት አደረገለት። ስሕተት ነው፤ ግድያ ግን አይደለም።»

«ጥሩ ብለዋል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ግን ግንዱ የተጋደመው ሄልሜቱ ጠርዝ ላይ ነበር። መጀመሪያ ራሱ ተሰበረ፤ ቀጥሎ ሄልሜቱ ተደረገ፤ መጨረሻ ላይ ግንዱ መጣ። ከሄልሜቱ በኋላ የመጣ ግንድ ከሄልሜቱ በፊት የተሰበረን ራስ ሊሰብር አይችልም። ዱባለን የመታው ሰው ነው፤ ከኋላው፣ በመጥረቢያ ጀርባ ይመስለኛል።»

ራኬብ ዓይኗን ከግንዱ ላይ አልነቀለችም።

«ሁለተኛ፣ ይህ ግንድ ቀይ ባህር ዛፍ ነው። ዳገታችሁ ላይ ያለው ነጭ ብቻ ነው። እማማ ሌሊሴ፣ ጠዋት 'ግንድ ያው ግንድ ነው' ብለውኝ ነበር።»

ሌሊሴ ተነሡ። «አይቼዋለሁ» አሉ። «ገና ስደርስ ነው ያወቅኩት። ከተናገርኩ ወረቀቱ ይሄድብናል ብዬ ዝም አልኩ። በሬሳው ፊት ዝም አልኩ! እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ሌሎቻችሁም አይታችኋል፤ እሱን ለራሳችሁ እተወዋለሁ» አለች አልማዜ። «ከውጭ የመጣ እንጨት በማኅበሩ ስም እየተሸጠ ነበር። ከየት እንደተጨፈጨፈ የማይታወቅ እንጨት በእናንተ ሰርተፊኬት ንጹሕ ይሆናል። ዱባለ ደረሰበት። ለኦዲተሩ የሚያሳየው አንድ ግንድ ጎትቶ ይዞታው ውስጥ አስቀመጠ። ገዳዩ ያንኑ ግንድ በላዩ ላይ አንከባለለበት። ማስረጃውን ሬሳው ላይ ጥሎ መሄዱ ነው፤ ቸኩሎ ነዋ።»

«እንግዲያው ሽኩር ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ኧረ በአላህ!» ሽኩር ዘሎ ተነሣ።

«ቁጭ በል። የቀዩን እንጨት ንግድ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚያመጣውና የሚቀበለው። ሽኩር ቢገድለው ኖሮ ባዶ ራሱን ትቶት ነበር የሚሄደው፤ የእናንተ ሰርተፊኬት ቢነጠቅ እሱን ምን ቸገረው? ገዳዩ ግን ሄልሜት አመጣ፣ ጓንት አጠለቀ፣ መንገዱን አጠረ። ሰው ገድሎም ሰርተፊኬቱን ያሳሰበው ሰው ነው። ራኬብም ታስባለች፤ ግን የአባቷ ሄልሜት የዶሮ ውኃ መጠጫ መሆኑን እያወቀች ሌላ ሄልሜት አታደርግለትም። ለዱባለ ሄልሜት ማድረግ ማንንም እንደማያሳምን ያላሰበ፣ ደንቡን ብቻ ያሰበ ሰው ነው ይህን ያደረገው። ሽኩር፣ ኢሱዙው እዚህ ሲያራግፍ የሚቀበለው ማን ነው?»

ሽኩር ከንፈሩን ላሰ። «መዝገቡ» አለ።

መዝገቡ አልሮጠም። የተተኮሰ ሸሚዙን እጅጌ እያስተካከለ ቆመ። ሲናገር ድምፁ ከፍ ያለ ነበር፤ ያልተጸጸተ ሰው ድምፅ።

«እኔ ነኝ። ምን ልትሆኑ? የእናንተ ዛፍ ለገዢው ውል አይበቃም! ገዢው ከሄደ ወረቀቱ አይኖርም፤ ወረቀቱ ከሌለ ሁላችሁም መሬታችሁን ለብሎኬት ትሰጣላችሁ። ዳገቱን ያቆምኩት በዚያ ቀይ ግንድ ነው! ለመንኩት። 'አንድ ዓመት ዝም በለኝ' አልኩት። 'ኦዲተሩ ሲመጣ አሳየዋለሁ፤ ፊት ለፊት የነገርኩህ ከኋላህ ላለመሄድ ነው' ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ደንን ለማዳን የሠራሁትን አንድ ሄልሜት የማያደርግ ሽማግሌ ሊያፈርሰው!»

«ደን?» ራኬብ ተነሣች። «የሌላ አገር ዳገት ተራቁቶ የእኛ ዳገት ቢቆም ዝናቡ መንደር ይመርጣል እንዴ? አባቴ ጀርባውን የሰጠህ ሰው ነህ ብሎ ነው። ከኋላው መታኸው! ከዚያ ደግሞ እንደ አሻንጉሊት አለበስከው። በሕይወቱ እሺ ያላለህን ሰው ሬሳውን እሺ አሰኘኸው። በዚህ ነው የምጠላህ፤ እስክሞት ነው የምጠላህ።»

መዝገቡ ሲወሰድ ማንም አላየውም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ሽኩር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሟቹን ነፍስ ይማር። ግን ገዳዩ ተይዟል፤ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ከማኅበሩ መጋዘን ኋላ የቀረውን ቀይ እንጨት ኢሱዙዬን ጠርቼ አሁኑኑ ላንሣላችሁ። ኦዲተሩ ምን ያያል? ወረቀታችሁም ይተርፋል።»

«አይሆንም» ያለው አልነበረም። ሁሉም ወደ ራኬብ ዞሩ። ሰርተፊኬቱ የእሷም ልፋት ነው፤ ማሳ ለማሳ ስትዞር ጫማ የጨረሰችበት፣ ከአባቷ ጋር የተኳረፈችበት።

«ቀይ እንጨቱን የሚነካ ሰው» አለች፣ «በእኔ ላይ ነው የሚያልፈው።»

ሌሊሴ ምርኩዛቸውን አንሥተው ሄደው አጠገቧ ቆሙ። ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሌላው። ሽኩር ስልኩን ኪሱ መለሰ።

በማግስቱ ኦዲተሩ ብሩኬ መጣ፤ ጨዋ፣ ትሑት ወጣት ነው። እንደ ሁልጊዜው ወደ ቢሮ ሊገባ ሲል ራኬብ አስቆመችውና በቀጥታ ከመጋዘኑ ኋላ ወሰደችው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ምንም አልደበቀችም። አልማዜ ራቅ ብላ ታዳምጣለች።

ብሩኬ የቀዩን ክምር ዞሮ አየ። «ይህን ካሳያችሁኝ በኋላ» አለ ጭንቅ ብሎት፣ «ሰርተፊኬቱን ማገድ ግዴታዬ ነው። ሌላ ምርጫ የለኝም።»

«እገደው» አሉ ሌሊሴ። «መሬቱን ግን ለብሎኬት አንሰጥም። አንድም ሰው አይሰጥም፤ ትናንት ተማምለናል። አስተካክለን ስንጠራህ ዛፎቹን እዚሁ ታገኛቸዋለህ።»

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀና መጻፍ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ።

«ጥፋቱን ያገኘችው የውስጥ ተቆጣጣሪዋ ናት ብዬ ልጻፍ?»

«አይደለም» አለች ራኬብ። «እኔ በየቀኑ በዚህ አልፌ አላየሁትም። ያየው አባቴ ነው። ዱባለ ብለህ ጻፍ።»