ሚዛን ላይ የወጣው ቤት

«መኪናዋ ሚዛን ላይ ስትወጣ ስጦታውን እናወርደዋለን፤ ስታልፍ መልሰን እንጭነዋለን። ማን ያየናል?» አለ ሙሉሰው፣ ልጁን ሳይሆን የሚኒባሷን ጎማ እያየ።

ፋሲካ የያዘችውን መጋረጃ አስቀመጠች። ከማራኪ እስከ ፒያሳ ለዓመታት ሰው ያመላለሰችውን አሮጌ ሚኒባስ፣ ክረምቱን ሙሉ ከአባቷ ጋር ወንበሯን ነቅለው፣ አልጋና የጋዝ ምድጃ ገጥመው፣ ወደ ስሜን ተራሮች ለሚጓዙ እንግዶች ማደሪያ ቤት አድርገዋታል። ነገ ምርመራውን ካለፈች አዲሱን ፈቃድ ታገኛለች። ከወደቀች ግን ልፋታቸውን ሁሉ ውኃ በላው።

ጣጣው የመጣው ከዘመድ ነው። የአባቷ ታላቅ እህት ወይዘሮ ዓይናዲስ፣ መኪናዋ ቤት መሆኗን ሲሰሙ «አዲስ ቤት በባዶ እጅ አይገባም» ብለው ከኮሶዬ ድረስ የዋንዛ ሳጥንና የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ አስጭነው ከተፍ አሉ። ለቤት ምርቃት የመጣን ስጦታ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ሙሉሰው ከንፈሩን ነክሶ ሚኒባሷ ውስጥ አስገባው። ትናንት በሰፈሩ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ ሲሞክሯት ከተፈቀደላት ክብደት አልፋ ተገኘች። እሱ የያዘው መንጃ ፈቃድም ከዚያ በላይ የሚከብድ መኪና ለመንዳት አይበቃም።

«አባ፣ ይሄ ነገር አይነፋም» አለች ፋሲካ። «ሚዛኑን ሸወድነው እንበል። የኮሶዬን ቁልቁለትስ ማን ይሸውድልናል? ፍሬኑ እንቢ ቢልስ? እንግዶቹ እኮ እኛን አምነው ነው የሚሳፈሩት።»

ሙሉሰው ጭንቅላቱን አከከ። «እሺ፣ እታለምን ማን ይነግራታል? እኔ እንደሆን አልደፍርም።» ያ ሁሉ ገደል የማያስፈራው ሹፌር ታላቅ እህቱን ይፈራል።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች። ወዲያው ወደ ቤት ገባች።

ወይዘሮ ዓይናዲስ ለምርቃቱ እንደመጡ ያረፉት እነሱው ቤት ነው። ፋሲካ አጠገባቸው ተቀምጣ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው ጠቆረ።

«የእናቴ ወፍጮ ከበዳችሁ?» አሉ ቀስ ብለው።

ፋሲካ እንባዋ መጣ፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። «እኛንስ አልከበደንም፣ አክስቴ። እሷን ነው የከበዳት።»

ዓይናዲስ በመስኮቱ ሚኒባሷን አዩዋት። ጎማዋ ተጨፍልቆ፣ ከኋላዋ ዝቅ ብላ ቆማለች። «ምነው ታዲያ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ!» ብለው ብድግ አሉ። «በቅሎ ከአቅሟ በላይ ተጭና ገደል ብትገባ የሚወቀሰው ጫኙ ነው። ሳጥኑ ያንቺ መኝታ ቤት ይግባ፤ ወፍጮውም ጓዳ ይቀመጥ። ስጦታዬ አልተመለሰ፤ ያው ቤታችሁ ገባ።»

በማግስቱ መርማሪዋ የሚዛኑን ቁጥር ደጋግማ አየች፤ ፍሬኑንና መብራቱን ፈተሸች። «አልፋለች» አለች በመጨረሻ። «የሚሳፈረውን ሰውና ሻንጣውን ግን ከሒሳቡ እንዳትረሱ።»

ሙሉሰው ልጁን ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት። እስከ ፒያሳ ድረስ ክላክሱን እያስጮኸ ነዳ፤ ባለባጃጆቹም ሠርግ መስሏቸው አጀቡት። ፋሲካ በደስታ የምትሆነው ጠፋት።

የመጀመሪያዋ እንግዳ ወይዘሮ ዓይናዲስ ሆኑ፤ ወደ ኮሶዬ የሚመለሱት በዚያችው ቤት ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ከነጠላቸው ሥር የወፍጮውን ትንሿን ድንጋይ፣ መጇን፣ ብቅ አደረጉ።

«ለበረከት ትግባ። ይቺ እንኳ ትንሽ ናት።»

ሙሉሰው ልጁን አየ። ፋሲካ ድንጋይዋን በእጇ መዘነቻት። ከዚያ የራሷን ሻንጣ አውርዳ ደጃፍ ላይ አኖረችና መጇን በቦታው አስገባች።

ኮሶዬ ደርሰው ዳገቱ ላይ ሲቆሙ «ታኮ! ጎማ አስይዢ!» ብሎ ጮኸ አባቷ። ፋሲካ ዘልላ ወርዳ መጇን ከኋላ ጎማው ሥር ሸጎጠቻት። ሚኒባሷ ንቅንቅ አላለችም። ወይዘሮ ዓይናዲስ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው እልልታውን አቀለጡት።