ኬክ የተደፋበት ሙሽራ

ሳቁ ካለቀ በኋላ ሳቀች። ሁሉም ዝም ባለበት «ሃ ሃ» ያለችው እሷ ብቻ ሆነች። ሶፋው ላይ የተጣበቡት የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ዞረው አዩዋት።

«ዳኛ፣ ኔትወርክ የለሽም እንዴ?» አለቻት ጓደኛዋ ቃሪያ። ፊልም የሚያዩት እነ ቃሪያ ቤት ሳሎን ነው። «ዳኛ» የሚሏትም በመረብ ኳስ ጨዋታ ፊሽካ ስትይዝ ለማንም ስለማታደላ ነው።

ፊልሙ የድሮ የፍቅር ኮሜዲ ነው። የድሮ ነገር ደግሞ አንዴ «ምርጥ» ከተባለ ማን ደፍሮ ይነካዋል? ሙሽሪት ባቡር ላይ ካገኘችው መልከ መልካም ጋር ከሠርጓ ስትጠፋ፣ ኬኩ ሙሽራው ላይ ተደፋ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሙሽራው ክሬሙን ከዓይኑ ላይ ጠረገ። ካሜራው ግን እዚያው ጥሎት የሚሮጡትን ተከትሎ ሄደ። ዓለምም እንዲሁ ናት፤ ለሮጠ ታጨበጭባለች፣ የቆመውን ዞር ብላ አታየውም።

«ቆይ፣ ሰውዬው ምን አጠፋ?» አለች ዳኛ።

«ደባሪ ነዋ!» አለ የክበቡ አለቃ፣ የአሥረኛ ክፍሉ ልጅ።

«ደባሪ መሆን ኬክ ያስደፋል?»

«ኮሜዲ እኮ ነው! ልብ ያለው ሁሉ ይወደዋል። ነገ ስታነቢ እንዲህ እንዳትቀባጥሪ።»

ነገ በእረፍት ሰዓት ስለ ፊልሙ በድምፅ ማጉያ የምታነበው እሷ ናት። ክበቡ ለመግባት መፈተኛዋ ነው። አንብባ ስትጨርስ የክበቡ ልጆች እጅ ያወጣሉ፤ ካላወጡ አበቃ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የተመኘችው ቦታ ነው።

ቃሪያ እስከ በር ሸኘቻት። «አሪፍ ነው በይና ተገላገይ። ከገባሽ በኋላ የፈለግሽውን ታወሪያለሽ።»

«በውሸት ከገባሁማ ስዋሽ ልኖር ነው።»

«ኡፍ! ስንት ለምኜልሻለሁ፤ እንዳታሳፍሪኝ እሺ!»

ይህቺኛዋ ቃል ከበደቻት። ማታ «ግሩም ፊልም» ብላ ጀመረችና ብዕሩ አልሄድ አላት። ሰረዘችው። ሙሽራው ክሬሙን ሲጠርግ ያየችውን ስትጽፍ ግን ገጹ ሳታውቀው ሞላ።

በማግስቱ የሚኒ ሚዲያዋ ክፍል ታፍናለች። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፣ ማይኩ በስፖንጅ ተጠቅልሏል። ቃሪያ ጥግ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«በሳቅ ጀምሪ፣ በፍቅር ጨርሺ» አለ አለቃው ማይኩን እየከፈተ።

ዳኛ ጎንበስ አለች። ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። «እንደምን አረፈዳችሁ። ይህን ፊልም ጓደኞቼ ሁሉ ወደውታል። እኔ አልወደድኩትም። ስለ ሙሽራው ልንገራችሁ።»

የአለቃው እጅ ማይኩን ለማጥፋት ተዘረጋ። እሷ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ማጥፊያውን በግራ መዳፏ ከድና ሁለተኛውን አንቀጽ ጀመረች።