ተርቦቹ የናቁት ጠርሙስ

ስሚኝማ፣ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው? ግን ቃል ግቢልኝ፤ እስክጨርስ «አንቺ ምን አጠፋሽ» እንዳትዪኝ። ሰው ሁሉ እንደዛ ይለኛል፤ ባሉኝ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ኬኒ ራውሊንግ ቅዳሜ ከሰዓት ሞተ። የሸለቋችን ፖስተኛ፣ ያ ሁሌ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚያፏጨው። የጓደኛዬ የታራ ወንድም። ከመጨረሻው ጋራ እየወረደ ነበር፣ ዙሩን ሮጦ ሊጨርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። ድንጋዮቹ መሃል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አንዱን የመጠጥ ጠርሙስ እንደጨበጠ ነው፣ ሌላው ባዶውን አጠገቡ ወድቋል።

ዙሩን ታውቂዋለሽ አይደል፤ በሸለቋችን ዙሪያ ያሉትን ሠላሳ አንድ ጋራዎች በአንድ ቀን ሮጦ መጨረስ ነው። ሪከርዱ አብረውን የሚኖሩት የአያቴ የአርተር ዲክሰን ነው፣ የእኛ አባባ፤ ስምንት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። የእኛ አገር ወግ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ሪከርድ ያለው ሰው፣ ሊሰብርበት የመጣውን ራሱ ይረዳዋል። አስፋልቱን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቀውና የመጨረሻዎቹን ሁለት ጠርሙሶች በገዛ እጁ በጥብጦ ይሰጠዋል። ሌላ ሰው እጁን ቢያስገባ ትልቅ ስድብ ነው።

የሚበጠበጠውን የምታዘጋጀው እናቴ ጂል ናት። ስኳር፣ ጨው፣ የሎሚ ዱቄት፣ ለቀለም ደግሞ የደረቀ እንጆሪ ፈጭታ ትጨምርበታለች። በትንንሽ ላስቲክ ትሞላና አፉን በልብስ ካውያ ትደፍነዋለች። አጃ በቅቤና በማር ጋግራ ትቆርጣለች፣ ድንች በጨው ትቀቅላለች። የክለቡ ሯጭ ሁሉ በእሷ ጓዳ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ እሁድ ጠዋት ወሬው አንድ ብቻ ነበር፤ «የጂል መጠጥ ገደለው»። ሰዎች የገዙትን አጃ በር ላይ አስቀምጠው፣ ሳያንኳኩ ይሄዱ ነበር። እማ በመስኮት እያየች ትቆጥራለች። ስድስት። ሰባት። ሊከሷት ይችላሉ ተባለ።

እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ሰኔ ላይ ኬኒ መኪናው ውስጥ ሆዱን ገልጦ መርፌ ሲወጋ አይቼዋለሁ። የስኳር በሽታ ይዞት ኖሯል፣ ኢንሱሊን የሚያስወጋው ዓይነት። «ሆሊ፣ በናትሽ» አለኝ፤ «ካወቁ መኪናውን ይነጥቁኛል፣ ክለቡም ብቻህን አትሮጥም ይለኛል። ታራም አታውቅም። አፈርኩ፣ በቃ።» ማልኩለት። ከሞተ በኋላም አፌን አልከፈትኩም። ታራ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላ አላነሳሁም።

እሁድ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተር ዲንስዴል መጣች። ወፍራም ሴትዮ ናት፣ ዳሌዋን ስለሚያማት እያነከሰች ነው የምትሄደው፣ ሻይ በአራት ስኳር ትጠጣለች። ወጥ ቤታችን ቁጭ አለችና ክንዷን ከጠረጴዛው ላይ ጠቅ አድርጋ አላቀቀች።

«ይጣበቃል» አለች።

«ውይ፣ ይቅርታ!» አለች እማ። «ዓርብ ዱቄቱን ስሞክረው ተደፍቶብኝ ነው። ሦስቴ ወልውዬዋለሁ።»

«ኧረ ተይው፣ ደስ ብሎኝ ነው። ኬኒ መጠጡን ደረቱ ላይ አፍስሶታል፤ ካናቴራው ግን ደርቆ እንደ ጥጥ ለስልሷል። ምንም አይጣበቅም።» ተነስታ ቁምሳጥኑን ከፈተች። «ይሄ ባዶ ጣሳስ?»

«ስኳር ያልሆነ ማጣፈጫ ነው። ውፍረት ልቀንስ ብዬ ለሻዬ። ሆሊ ናት ያስገዛችኝ፤ ‹ይጣፍጣል፣ ግን ጉልበት የሚባል የለውም› ብላ ለቤቱ ሁሉ ስትለፍፍ ነበር። ግን ባዶ? ሐሙስ እኮ ነው የገዛሁት!»

የእማ ፊት ሲገረጣ አየሁና ሳላስበው ዘልዬ ገባሁ።

«እኔ ነኝ የጨረስኩት። ኬክ ጋግሬበት።»

«ጣፈጠ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አረረ።»

«ያሳዝናል» አለችና ምንም አልጻፈችም። ያንን አለመጻፏን እንዴት እንደፈራሁት! ብትጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎ ስቱን ግቢያችን አስጠራችው። ስቱ ግሬንጀር ትራክተር ጠጋኝ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ዙሩን ራሱ ሊሞክር ይዝት ነበር። የመጨረሻውን ክፍል ከኬኒ ጋር የሮጠው እሱ ነው።

«ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«እግሬ ተኮማትሮብኝ ወደኋላ ቀርቼ ነው።»

«አንዲት ተጓዥ ብቻህን ስትወርድ አይታሃለች። ከኬኒ ፊት ነበርክ። ‹እንደ ፍየል ነው የሚዘለው› ነው ያለችው።»

ስቱ ኮፍያውን አውልቆ መጠምዘዝ ጀመረ። «ሰደበኝ እኮ» አለ። «ኬኒ! ውሻ ነክሶት እንኳ ውሻውን ይቅርታ የሚጠይቀው ኬኒ! ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይያያዛል፣ የሰከረ ነው የሚመስለው። ‹ቁጭ በልና ድንች ብላ› ስለው ‹ሪከርዱን ለራስህ ልታስቀር ነዋ› አለኝ። እንደፈለግክ ሁን ብዬ ትቼው ወረድኩ።»

«እየጠጣ ነበር?»

«ሁለቱንም ጠርሙስ። ‹የጂል ስኳር ያነሳኛል› እያለ ነበር የሚጨልጠው። ጥዬው ሄድኩ እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«ማን በጠበጠው?»

«አርተር ናቸዋ! ሌላ ማን ይነካዋል? እኔ ስደርስ ጠርሙሶቹ አስፋልቱ ጋ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ተበጥብጠው ተቀምጠዋል፤ እንደ ልማዴ አርፍጄ ኬኒን በሁለት ደቂቃ ነው የቀደምኩት። ይዘናቸው ሄድን።»

ከዚያ «መንገዱን አሳዪኝ» ብላ እኔን መኪናዋ ውስጥ አስገባችኝ። አስፋልቱ ጋ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ የክለቡ የቆሻሻ ከረጢት እንደተንጠለጠለ ነው፤ የሚያነሳው ሰው ጠፍቶ። መስከረም ስለሆነ ተርብ መዓት ነው። እሷ ከኋላ ወንበር አራት ጠርሙስ አወጣችና የመኪናው አፍንጫ ላይ ደረደረቻቸው።

«ላቦራቶሪው የሚፈልገውን ቀድቷል፤ መልሱ ግን ሳምንት ይፈጃል። ተርብ ደግሞ ሳምንት አያስጠብቅም። እነዚህ ሁለቱ ጠዋት የጠጣቸው ናቸው፣ እነዚያ የመጨረሻዎቹ።»

ቆመን አየን። ተርቦቹ የጠዋቶቹ አፍ ላይ ተረባርበው ተጣሉበት። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን አንድ ተርብ ዞር ዞር ብሎ አየና ጥሎ ሄደ። ሌላም መጣ፣ እሱም ሄደ። ኢንስፔክተሯ ከቆሻሻው ከረጢት ውስጥ ለመጨረሻዎቹ ጠርሙሶች የተቀደዱትን የእማን ላስቲኮች በሁለት ጣት አወጣች። ወዲያው ተርብ ወረራቸው።

«ሆሊ፣ በጎቻችሁ አፈር ይበላሉ እንዴ?»

ዘወር አልኩ። ከካቡ ጀርባ ስምንት ዘጠኝ በግ አንድ ቦታ ላይ ተፋፍጎ መሬት ይልሳል። ሣሩ አልቆ አፈሩ ብቻ ቀርቷል።

«ጨው ካገኙ ነው እንደዛ…» ብዬ ጀመርኩ። የእማ ዱቄት ውስጥ ጨው አለ። እሷም የመኪናውን በር ከፈተችልኝ።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ሁላችንንም ወጥ ቤታችን ሰበሰበችን። እማ ምድጃው ጋ ቆማለች፣ ስቱ በሩ ጋ። አባባ የክለቡን ሹራብ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በውሃ አስተኝተው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል።

«መጀመሪያ ኬኒን በተመለከተ» አለች ኢንስፔክተር ዲንስዴል። «ኬኒ የስኳር በሽታ ነበረበት። ሐኪሙ ሬሳው ላይ የመርፌውን ምልክት አግኝቷል። እንደሱ ያለ ሰው ሲሮጥ ስኳሩ እንዳይወርድበት ጣፋጭ መጠጣት አለበት። ኬኒ ይሄን ስለሚያውቅ ጠጣ። አፉ ጣፋጭ ነው አለው። ኪሱ ውስጥ የግሉኮስ ከረሜላ ይዟል፣ አልነካውም፤ ለምን ይነካል? የጠገበ መስሎታል። ስኳር ሲወርድ ደግሞ መጀመሪያ የሚከዳው ጭንቅላት ነው። ይሳደባል፣ ይንገዳገዳል። ስቱ፣ የሰደበህ እሱ አልነበረም።»

ስቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የመጨረሻዎቹ ጠርሙሶች ይጣፍጣሉ እንጂ ስኳር የላቸውም። ካናቴራው አልተጣበቀም፣ ተርብ አልፈለጋቸውም። ማጣፈጫው ከዚህ ቁምሳጥን ነው የወጣው። ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንቺን ነው፣ ጂል።»

እማ ጨርቅ ይዛ ስታጥፈው ስትፈታው ነበር።

«ግን ላስቲኮቹን ተርብ ወረራቸው። አፋቸው በካውያ እንደተደፈነ ነው፣ ጥጋቸው ላይ ብቻ ነው የተቀደዱት። ስለዚህ ከዚህ ቤት ሲወጡ ውስጣቸው ስኳር ነበር። ጂል ነጻ ናት። ስቱ ሲደርስ ጠርሙሶቹ ተበጥብጠው ጠብቀውታል። ጋራው ላይ ቢደፋቸው እንኳ ሮዝ መጠጥ ከየት ያመጣል? ደግሞ ስኳሩና ጨዉ የተደፋው ጋራው ላይ አይደለም፤ ካቡ ጀርባ ነው። በጎቹ እስካሁን ይልሱታል። በላስቲኩና በጠርሙሱ መሃል የነበረው እጅ አንድ ብቻ ነው። በወጋችሁ ሌላ ሰው የማይነካው።»

ማንም ማንንም አላየም። ሁላችንም ጠረጴዛውን ነበር የምናየው።

«አባዬ?» አለች እማ በቀስታ። «አንድ ነገር በል እንጂ።»

አባባ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ፤ እሱም ጠቅ አለ።

«ጉልበቱ እንዲከዳው ነው የፈለግኩት» አሉ። «ቁጭ እንዲል። ቁጭ ብሎ ሰዓቱ እንዲያልፍበት። አሥር ደቂቃ ብቻ። ቅዳሜ ጠዋት ጣሳውን ገልብጬ ወሰድኩ፣ እንጆሪም ለቀለም ቆነጠርኩ። አርባ ዓመት ሰው ሁሉ ‹አርተር ባለ ሪከርዱ› ሲለኝ ኖሬ፣ ከዛሬ በኋላ ምን ይሉኛል ብዬ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ምን ዓይነት ቅሌት ነው! ጠርሙሱን ስሰጠው ‹አመሰግናለሁ አርተር፣ እርስዎ ባይሆኑ አልመጣም ነበር› አለኝ። ስኳር እንዳለበት ብሰማ ኖሮ እጄን እቆርጥ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ቢነግረኝ። ማን ያውቅ ነበር?»

ይሄን ማንም አላስገደደኝም። ኢንስፔክተሯም አላየችኝም፤ ምናልባት ሆን ብላ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ኬኒ ሞቷል።

«እኔ አውቅ ነበር» አልኩ።

እማ ጨርቁን ጣለችው።

«ከሰኔ ጀምሮ። አትናገሪ ብሎኝ። ኬኩም ውሸት ነው፣ ምንም አልጋገርኩም። እማን ይወስዷታል ብዬ ነው። ስለ በሽታው ግን ለማንም ብዬ አይደለም ዝም ያልኩት። መጀመሪያ ስለማልኩ፣ በኋላ ደግሞ ስላፈርኩ።»

አባባ አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ እውነቴን ነው፣ ቢቆጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው ማየት እንኳ የከበዳቸው መሰለኝ፤ የክለቡን ሹራብ በጭንቅላታቸው አወለቁና አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በሸሚዝ ብቻ ሆነው ከኢንስፔክተሯ ጋር ወጡ። ስቱ በሩን ከፈተላቸው። እሷ እያነከሰች፣ እሳቸው እግራቸውን እየጎተቱ። ማን ማንን እንደሚደግፍ አይታወቅም ነበር።

እማ በመስኮት አየቻቸው። በዚህ ጊዜ አልቆጠረችም።

ማታውኑ ለታራ ጻፍኩላት። መደወል አልቻልኩም፣ ድምጿን እፈራለሁ። ሁሉንም ጻፍኩት፤ መርፌውን፣ መሐላውን፣ ኬኩን፣ አባባን፣ አሥራ አንዱን ስልክ። «መናገር ነበረብኝ፣ ይቅርታ አልጠይቅሽም ምክንያቱም አይበቃም» ብዬ ጨረስኩ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ እንደምሄድም ነገርኳት። እስከ ጠዋት አልመለሰችም። ጠዋት መለሰች። አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸውልሽ፦

«አዎ፣ መናገር ነበረብሽ። ለእኔም አልነገረኝም፣ እሱን ነው እያለቀስኩ ያደርኩት። ቀብሩ ላይ ከእኛ ጋር ከፊት ነው የምትቀመጪው፤ ከኋላ ተደብቀሽ ባገኝሽ በጸጉርሽ ጎትቼ ነው የማመጣሽ።»