ለፊልጶስ የሰጠሁት ቀጠሮ

ይሄን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እውነት ነው። የጨመርኩበት አንድም ነገር የለም። የሚያውቁኝ ሰዎች ይሄን ሲያነቡ «አንተ ደግሞ ውሸት መቼ ይጠፋሃል!» እንደሚሉ አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። ታሪኩ ራሱ የተፈጠረው እኔ ውሸታም በመሆኔ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። በፈረንጆቹ 2016፣ ኖቬምበር ውስጥ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል። ቦታው አትላንታ፣ ከምንኖርበት ከኖርክሮስ ግማሽ ሰዓት የሚያስነዳ አንድ ሀይቅ ዳር።

መኪናው ውስጥ እኔና ኑሃሚን ነን። ሦስት ነን ማለትም ይቻላል፤ ኑሃሚን የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች።

ኑሃሚን የጓደኛዬ የፊልጶስ እህት ናት። ዲቪ ደርሷቸው ሲመጡ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እናትና አባታቸው ካለፉ በኋላ ፊልጶስ ነው ትራክ እየነዳ ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ የዳራት። አሁን ፋርማሲስት ናት። አንድ አመል ብቻ አላት፤ ወፍ ትወዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ ሲተኛ እሷ ክንድ የሚያህል ሌንስ ተሸክማ ሀይቅ ለሀይቅ ትዞራለች። እኔና ፊልጶስ «ሀበሻ ወፍ ለማየት ብሎ ከአልጋው ይነሳል?» እያልን እንስቅባት ነበር።

ያን ቀን ግን መሳቅ አቃተኝ። እሷ የማታውቀውን ነገር አውቅ ነበር።

ፊልጶስ ሞቷል...

ረቡዕ ዕለት ቴነሲ ውስጥ ትራኩ ተገልብጦ ነው የሞተው። ሐሙስ ከኑሃሚን ባል ከስምዖን ጋር ነድተን ሄድን። ስምዖን ከሬሳ ክፍሉ በር ተመለሰ። ሬሳውን ገብቼ ያየሁት እኔ ነኝ።

ለኑሃሚን ግን አልተነገራትም። የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ለብቻው እያለም አይነገርም። በዚያ ላይ እርጉዝ ናት፤ ድንገት ብትሰማ ልጁ ይወርዳል ብለን ሁላችንም ፈርተናል። ስለዚህ ሰው ተሰብስቦ፣ ነርስ አጠገቧ ሆና፣ ቅዳሜ በጠዋት ይነገራት ተባለ።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ብርሃነመስቀል ወደ እኔ ዞሩ።

«እኛ ቤቷ እስክንሰበሰብ አንተ ይዘሃት ውጣ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ መልሳት።»

«ምን ብዬ ላውጣት፣ ጋሼ?»

«እሱን ለአንተ አንነግርህም» አሉኝ።

በዚያ ሐዘን መሃል እንኳ አንድ ሁለት ሰው ፈገግ ብሏል።

አርብ ማታ ደወልኩላት።

«ነገ ወፍ ልናይ እንሂድ?»

«አንተ? ወፍ?» ሳቀች። «ሄኒ፣ አይ ካንት። እግሬ አብጧል። ደግሞ ሙዴ ጥሩ አይደለም። ፊሊ ስልኩን አያነሳም፣ ላይክ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። ሂ ኔቨር ዳዝ ዛት።»

«ስልኩ ተሰብሮበት ነው አልኩሽ አይደል?»

«እና የሰው ስልክ የለም?»

አፌ ቀደመኝ።

«እሱም ይመጣል እኮ።»

«ዋት?»

«ፊልጶስ ነዋ! ሌሊቱን ነድቶ ይገባል። ሀይቁ ጋ እንገናኝ ብሎኛል። ሰርፕራይዝ ነበር፤ አስለፈለፍሽኝ።»

በደስታ ጮኸች። ስልኩን ዘጋሁት። ሦስት ሰዓት ሲቀርብ «መንገድ ዘግቶት ቀጥታ ቤት ገብቷል» እላታለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ነገሩ ደስ አላለኝም። በሞተ ሰው ስም ቀጠሮ ሰጥቻለሁ።

ጠዋት ላነሳት ስሄድ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት የእንቁላል ሳንድዊቾች ይዛ ወጣች።

«ትልቁ የፊሊ ነው፣ እንዳትነካው» አለችኝ።

ሀይቁ ጋ ስንደርስ ስልኳን ተቀበልኳት።

«ወፎቹ እንዳይበረግጉ አጥፍተሽ ስጪኝ።»

እውነቱ ሌላ ነው። አንዱ ችኩል ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ እንዳይለጥፍ ፈርቼ ነው።

ፓርኪንጉ ላይ ሌላ መኪና የለም። ጉም ውሃው ላይ ተኝቷል። ኑሃሚን ትንሿን ታጣፊ ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች፣ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያው ላይ ሰካች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ።

አንድ ሰዓት ሆነ። ገና ሁለት ሰዓት ይቀረናል።

ቀጭ... ቀጭ... ፎቶ ታነሳለች።

«ዊርድ» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«ዝይ ዝም አይልም። ኔቨር። ስማ እስቲ...»

አዳመጥኩ። ምንም ድምፅ የለም። ከመቶ በላይ ዝይ ውሃው ላይ አለ፣ ዳክዬው አለ፣ ሸምበቆው ውስጥ ያ ቅልጥሙ ረጅም ግራጫ ወፍ ቆሟል። አንዱም አይጮህም። አንዱም አይበላም።

«ደግሞ እያቸው» አለች። «ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው የዞሩት።»

እውነቷን ነው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ማዶ አዙረዋል።

«ብርዱ ይሆናል» አልኩ። ስለ ወፍ የማውቀው ነገር የለም፤ ዝም ከምል ብዬ ነው።

ቀጭ... ቀጭ...

ከዚያ ቀጭታው ቆመ።

«መጣ» አለች።

«ማን?»

«ፊሊ ነዋ!»

ክው አልኩ።

«የ... የታለ?»

«ማዶ። ዛፉ ስር። ሄኒ፣ ሲሪየስሊ፣ አላመንኩህም ነበር እኮ። ሶሪ።»

አየሁ። ጉምና ዛፍ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከወንበሯ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችልኝ። ዓይኔን ካሜራው ላይ አደረግኩ...

ሰው ቆሟል።

አረንጓዴ ጃኬት ለብሷል። ፊቱ በጉሙ ምክንያት አይለይም። ቀኝ ትከሻው ግን ከግራው ዝቅ ብሏል። ያን ትከሻ አውቀዋለሁ። ኖርክሮስ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። ሐሙስ ዕለት አንሶላው ሲገለጥም መጀመሪያ የለየሁት በእሱ ነው።

«ሌላ ሰው ነው» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ዓሣ አጥማጅ ነው።»

«የገዛ ወንድሜን አላውቀውም?»

ተመልሳ ተቀመጠች። እጇን አወዛወዘችለት። እሱ አላወዛወዘም።

ቀጭ...

«ለምን ዞሮ አይመጣም? ድልድዩ እዛው ጋ ነው እኮ።»

ቀጭ...

«ሄኒ... ውሃው ውስጥ ገባ እንዴ?»

የካሜራውን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ዛፉ ስር ነው። ሁለተኛው ላይ ዳር ላይ ቆሟል። ሦስተኛው ላይ ውሃው ጉልበቱ ደርሷል።

ቀና ብዬ አየሁ። አሁን ያለ ካሜራ ይታየኛል። ሲራመድ ግን አላየሁትም። ቆሞ ነው ያየሁት። ውሃውም አልተንቀሳቀሰም፣ እንደ መስታወት ረግቷል። ዝይዎቹ ግን ከፊቱ ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀውለታል።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሀይቁ መሃል ነው። ውሃው ያው ጉልበቱ ጋ ነው።

«በርዶታል እኮ...» አለች ኑሃሚን። «ፊሊ! ፊሊዬ!»

እጁን አነሳ። ሰላምታ አልነበረም። መዳፉን ወደ ታች አድርጎ በጣቶቹ ጠራት፤ እኛ ልጅ እንደምንጠራው።

ነይ...

ተነሳች።

«የት ነው?» ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

«እየጠራኝ ነው፣ አታይም?»

«ውሃ ነው ኑሃሚን!»

«ሻሎ ነው፣ ጥልቅ አይደለም። እሱ ቆሞበት የለ?»

ሻሎ አልነበረም። ከጎናችን «ጥልቅ ውሃ፣ መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ቀይ ምልክት ተተክሏል። ከዳሩ አራት አምስት እርምጃ ከሄዱ መሬቱ ያበቃል። ክንዷን መነጨቀችኝ። ያበጠ እግር ያላት እርጉዝ ሴት እንዲህ ጉልበት ይኖራታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጫማዋ ውሃ ውስጥ ገባ። ቁርጭምጭሚቷ... ጉልበቷ...

ሰዓቱ ገና አንድ ሰዓት ከሃያ ነው። ሽማግሌ የለም። ነርስ የለችም። እውነቱን ብነግራት እዚሁ ውሃው ውስጥ ልጁ ሊወርድ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሁለቱም ሊሰጥሙ ነው።

ውሸት ፈለግኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈለግኩ።

«ኑሃሚን፣ ፊልጶስ እኮ... ስምዖን ቤት... ፊልጶስ...»

አልመጣልኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት ከዳኝ።

«ኑሃሚን! ፊልጶስ ሞቷል!»

ቆመች። ውሃው ጭኗ ደርሷል።

«ስቶፕ ኢት» አለች ሳትዞር።

«ረቡዕ ነው የሞተው። ትራኩ ተገልብጦ። ሬሳውን አይቻለሁ።»

«እየው እኮ... ያውልህ ቆሟል...»

«ይመጣል ያልኩሽ ዋሽቼሽ ነው! አልቀጠረኝም። እኔ ነኝ የቀጠርኩት!»

ያን ጊዜ ዞረች። ፊቴን አየችው። እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅኩት የእሷን ዓይን ሳይ ነው።

«ወንድሜን!» አለች።

እንግሊዝኛዋ ሁሉ ጠፋ። አሜሪካ ያደገች ልጅ ያን ዓይነት ለቅሶ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። «ወንድሜን! ወንድሜን! አባቴን!» ደረቷን ስትመታ ወፎቹ በሙሉ በአንዴ ተነሱ። ሰማዩ በክንፍ ተሸፈነ። ገብቼ በሁለት እጄ አቀፍኳት፣ ጎትቼ አወጣኋት፣ ወደ ኋላዬ አልተመለከትኩም። አንድ ነገር ከኋላ ልብሴን የሚይዘኝ እየመሰለኝ ነበር።

ኋላ ወንበር ላይ አስተኛኋት። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ያለኝን ልብስ ሁሉ ከመርኩባት።

«ሆድሽስ? ያምሻል? ንገሪኝ!»

ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«ይንቀሳቀሳል» አለች በመጨረሻ። «እየረገጠኝ ነው።»

ጮክ ብዬ «ተመስገን» አልኩ። (ልጁ ጥር ላይ በሰላም ተወለደ።)

ስምዖን ጋ ደወልኩ።

«ነገርኳት» አልኩት። «አልቻልኩም ስምዖን፣ ነገርኳት። ደህና ናት። እየመጣን ነው።»

ከጀርባው የጋሽ ብርሃነመስቀልን ድምፅ ሰማሁ። «ማን ንገራት አለው? ለብቻዋ! ሜዳ ላይ!» ይላሉ። ተቆጡኝ፤ ሙሉ ዓመት አላነጋገሩኝም። እውነት አላቸው። ያየሁትን ግን አላዩም።

መኪናውን አስነሳሁ። የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበርና በእጄ ጠረግኩት።

ፊልጶስ አልጠፋም ነበር።

ዳሩ ጋ ደርሷል። ኑሃሚን ዞራ ፊቴን ያየችበት ቦታ ላይ ቆሟል። አሁን ጉም የለም፤ ፊቱ በደንብ ይታያል። እኛን አያይም። ቀስ ብሎ የገዛ እጆቹን አየ። ደረቱን ዳሰሰ። ጃኬቱን ገልጦ ውስጡን ተመለከተ።

ቅድም ስጮህ እሱም እየሰማ ነበር።

ለእሱም እስከዚያች ሰዓት ድረስ የነገረው ሰው አልነበረም።

ኑሃሚን የከመርኩባት ልብስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ታለቅሳለች፤ ቀና አላለችም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ማርሽ አስገብቼ ወደ ኋላ መውጣት ጀመርኩ። ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል ግን አልቻልኩም።

ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ጉልበቱ ታጠፈ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ያለ ምንም ድምፅ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ማልቀስ ጀመረ። አጠገቡ ማንም ሰው አልነበረም።