ጫፋቸው የታጠፈ ካርዶች

የአሥራ አንድ ዓመት ልፋትዎን ያኖሩበትን መሳቢያ አንድ ጠዋት ባዶውን ቢያገኙት፣ ማንን ይጠረጥራሉ?

የኮሌጁ የእንግሊዝኛ መምህርት ለመጠርጠር እንኳ አቅም አጣች። ምሳሌ ዓረፍተ ነገር የጻፈችባቸው አራት መቶ ካርዶች የሉም። ሁሉም ስለ ሁለት የእንግሊዝኛ ግሦች ናቸው፤ ስለ «ስቲል» እና ስለ «ሮብ»። ሁለቱም የሰው ንብረት መውሰድ ናቸው። ከ«ስቲል» ቀጥሎ የሚገባው ግን የተወሰደው ዕቃ ነው፤ ከ«ሮብ» ቀጥሎ የተወሰደበት ሰው። ጡረታ ሳትወጣ መጽሐፍ ልታደርጋቸው ነበር።

ፖሊስ መጀመሪያ የያዘው ቁልፍ ያላትን የጽዳት ሠራተኛ ነው።

«ለባለሱቅ ሸጠሽው ነው?» አላት መርማሪው።

«መዳፍ የማያክል ካርድ ምን ይጠቀለልበታል፣ ጌታዬ?»

ሁለት ቀን ታስራ ወጣች። ዋስ የሆናት የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነበር፤ መምህርቷ ያስተማረችው፣ «እናቴ» የሚላት ሰው።

በአምስተኛው ወር ኃላፊው መጽሐፍ አሳተመ። ስለ ሁለቱ ግሦች።

«ሐሳቡን ያገኘሁት ከእርስዎ ነው፣ እናቴ። ምሳሌዎቹ ግን የራሴ ናቸው።»

አነበበችው። ገጽ ሠላሳ ላይ ስትደርስ መልሳ አነበበች። መጽሐፉን ይዛ መርማሪው ዘንድ ሄደች።

«የካርድ ጫፍ የማጥፈው ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት ሲሆን ነው» አለችው። «ተማሪ ፈተና ላይ ያበላሸውን፣ እንዳልጠቀምበት።»

«ሌላው ሰው የሚያጥፈው እኮ ቁምነገር ሲያገኝ ነው።»

«እሱም እንደዚያ መስሎታል። አሥራ ሰባት አጥፌ ነበር። አሥራ ሰባቱም በትክክለኛ ምሳሌነት ታትመዋል፣ ያውም በደማቅ ፊደል።»

መርማሪው የድሮ ፈተናዎችን ከመጋዘን አስወጣ። አሥራ ሰባቱም ተገኙ፤ በተማሪዎች እጅ ጽሑፍ፣ በእሷ ቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘው።

መጽሐፉ በሚመረቅበት ቀን፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ፣ መርማሪው የፈተና ወረቀቶቹን መድረኩ ላይ ደረደራቸው። ኃላፊው አያቸው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያለ መጽሐፍ አይሰጥም» አለ ወደ መምህርቷ ጎንበስ ብሎ፣ በሹክሹክታ። «እርስዎ ደግሞ አይጨርሱትም ብዬ ነው፣ እናቴ።»

«እናቴ አትበለኝ።» በጣቷ የኋላ በር አጠገብ መጥረጊያ ይዛ የቆመችውን ሴት አሳየችው። «ያቺ ባንተ ሥራ ታስራለች። ዋስ ሆነህ ምስጋናዋንም ተቀብለሃል። ለኔ አታንሾካሹክ፤ ወደ ሰዎቹ ዙር። ከ‹ስቲል› ቀጥሎ ምን ይገባል? ከ‹ሮብ› ቀጥሎስ እነማን? ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ሁሉም እየሰማ፣ መልስ።»