ሰባት ሳንቲሜትር

እስከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ ሁሉም ነገር ልክ ነበር። የሰፊዋን ልጅ የሚሊን ጨምሮ አርባ ሁለት የዩኒፎርም ጉርዶች ታዘዋል፤ ደንበኞች ሁሉ ቀብድ ከፍለዋል። አንድ ጉርድ ሰባ ሳንቲሜትር ጨርቅ ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ ሰባቱ ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ልጅቷ ስታድግ እጥፋቱ ይፈታና ጉርዱ ሌላ ዓመት ያገለግላል። ሰው ሌሎች ሰፊዎችን እያለፈ ወደዚህች ጠባብ ሱቅ የሚመጣው ለዚህ እጥፋት ነበር። ጠረጴዛው ላይ «30 ሜትር» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሰማያዊ ጣቃ ተቀምጧል።

ሚሊ ለካችው። ይህን ስም የክፍሏ ልጆች ያወጡላት ስለ ሚሊሜትር ሳይቀር ስለምትጨነቅ ነው።

«እማ፣ ሃያ ስምንት ተኩል ነው።»

«ሜትሩን በደንብ ያዢው እንጂ።»

«ስለካው ሦስተኛዬ ነው።»

እናቷ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ አንድም ጣቃ ለክታ አታውቅም፤ የተጻፈውን አምና ትቆርጥ ነበር። አሁን ለአርባ ሁለቱ ጉርዶች ዘጠና ሳንቲሜትር ይጎድላል።

ጨርቁን የሸጠላት ነጋዴ ጋ ደወለች። «እህቴ፣ ቆርጬ አልሸጥም» አላት። «ሙሉ ጣቃ ከፈለግሽ አለ፤ ዋጋው ግን ባለፈው ሳምንት ከገዛሽበት በእጥፍ ጨምሯል። የነገውን እኔም አላውቀው። ማነሱን ደግሞ ፋብሪካውን ጠይቂ።» ስልኩ ተዘጋ።

ጥግ ላይ ቁልፍ የምትተክለው የሚሊ አክስት ቀና አለች። «ሌላ ጣቃ ከገዛን የሱቁን ኪራይ በምን ልንከፍል ነው? እጥፋቱን ተዪውና ጫፉን ዘምዝመን እናስረክብ። ማን ገልብጦ ያያል?»

«በዓመቱ ያዩታላ!» አለች ሚሊ።

«በዓመቱ? እስከዚያ ሱቁ መኖሩን ማን ነገረሽ?»

እናቷ ቀና ሳትል፣ «ስልሳ ሦስት አድርገሽ አስምሪ» አለች።

ማስመር የሚሊ ሥራ ነው። የምታሰምርበትን የሳሙና ስባሪ ስታነሳ ቀጭኔ በበሩ አንገቷን አሰገገች። በቁመቷ ቀጭኔ የሚሏት የክፍሏ ልጅ ናት፤ ካምና ወዲህ ስምንት ሳንቲሜትር አድጋለች።

«ሚሊዬ፣ እጥፋቱን አደራ! እማዬ ከእንግዲህ ሌላ አልገዛም ብላለች። ካጠረብኝ አንሶላ ለብሼ ነው የምመጣው።»

«እሺ» አለች ሚሊ።

ቀጭኔ ስትሄድ ሚሊ ስልሳ ሦስት ላይ አሰመረች። በመዳፏ አጠፋችው። እንደገና አሰመረች፤ እንደገና አጠፋችው። በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ የትዕዛዙን ደብተር ገለጠች። ከደንበኞቹ አሥራ አራቱ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒፎርም አይለብሱም።

«አሥራ ሦስቱ እጥፋት ይቅርብን ቢሉ ዘጠና አንድ ሳንቲሜትር ይተርፋል፤ ይበቃናል» አለች። «ሄጄ ልጠይቃቸው።»

«ጨርቅ አነሰን እያልሽ በየቤቱ ልትዞሪ?» አክስቷ መርፌዋን አስቀመጠች። «ማዶ የነበረው ሰፊ እኮ የጠፋው ቸገረው የሚል ወሬ ወጥቶበት ነው። በሳምንት ውስጥ ሁሉም ቀብዱን ተቀብሎት ሄደ!»

እውነቷን ነው። ሚሊ ያንን በር በየቀኑ ታልፈዋለች፤ ቁልፉ ዝጓል። እናቷን አየቻት።

«የለካሽው አንቺ ነሽ» አለች እናቷ። «የመሰለሽን አድርጊ።»

እሁድ ሙሉ ቀን ዞረች። የመጀመሪያው አባት፣ «ሱቁ ሰላም ነው?» ሲሏት፣ «ጣቃው አጥሮ መጣብን እንጂ ሰላም ነው» አለች። አንዲት እናት፣ «ታዲያ ቀብዴን ብወስድ አይሻለኝም?» ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ከእግሯ እስከ ራሷ በዓይናቸው ለኳት። «ይሁን እንግዲህ። ይቺ ከዚህ በላይ ካደገች በሩም አይበቃት።» ሁለት ቤቶች እምቢ አሉ፤ ጉርዱ ለታናሽ እህት ይተላለፋል። የቀሩት አሥራ ሁለቱ እሺ አሉ።

አንድ ጎደለ።

ሰኞ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ሚሊ ሳሙናውን አንስታ ጣቃው ላይ ጎንበስ አለች። አክስቷ አጠገቧ ቆመች።

«አሥራ ሦስተኛዋ ማን ሆነች?»

ሚሊ የራሷን ጉርድ አሳጥራ አሰመረች፤ እሷ ራሷ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት። እናቷ መስመሩን አይታ፣ ልጇን አይታ፣ መቀሱን አነሳች።

ጣቃው ሲያልቅ ሃያ ዘጠኝ ጉርዶች ሰባት ሳንቲሜትር እጥፋት ነበራቸው፤ አሥራ ሁለቱ ምንም አልነበራቸውም። የሚሊ ጉርድ እጥፋት አንድ ሳንቲሜትር ነበር።